ሲስተርዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም ወገኖች፣ ይሄን ለመፃፍ ሁለት ወር ሳመነታ ነበር፣ እህቴ ራሷ አንብባው "ፃፊው፣ ስሜን ብቻ እንዳታነሺ" ስላለችኝ ነው። ማመስገን የፈለኩት እዚሁ አዲስ አበባ መንግስት ሆስፒታል የምትሰራ አንዲት የሳይካትሪ ነርስን ነው።

ታናሽ እህቴ አንድ አመት ከምናምን በየጊዜው ስኳሯ እየወረደ ትወድቅ ነበር። ላብ በላብ ሆና ሌሊት በራይድ ይዘናት እንሮጣለን፣ በግሉኮስ ትነቃለች፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ያው። ኤምአርአይ በሉት፣ ጸበል በሉት፣ እኔ ራሴ እቁቤን ያለተራዬ ለምኜ አውጥቼ ጨርሼዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ዶክተር ልክ ወድቃ በመጣችበት ሰአት ደሟን አስወስዶ ኢንሱሊንና ሲ ፔፕታይድ የሚባል ምርመራ አዘዘ። ቆሽታችን ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ሲያመርት ሲ ፔፕታይድም አብሮ ይወጣል፣ በመርፌ የሚወሰደው ግን እሱ የለውም። የእሷ ኢንሱሊን ጣሪያ ነክቷል ሲ ፔፕታይዱ ግን የለም ማለት ይቻላል። ከውጪ ነው የገባው ማለት ነው። እናታችን ደግሞ ስኳር አለባት፣ የምትወጋው ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ እህቴ እሱን ነበር በድብቅ ራሷን የምትወጋው።

ከዛ በኋላ ቤታችን የሆነውን አትጠይቁኝ። ወንድሜ "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ብሎ ስልኳን ማንሳት አቆመ፣ አንዱ ተረኛ ሀኪም ሰው ፊት "አልጋ የተሰራው ለበሽተኛ ነው" አላት። እኔ ያልኳትን እዚህ አልፅፈውም።

ሲስተር ግን እኛን ለብቻችን አስቀምጣ በሽታው ፋክቲሸስ ዲስኦርደር እንደሚባል አስረዳችን፣ ሰው ሆን ብሎ ራሱን የሚያሳምምበት ወይ የታመመ የሚያስመስልበት የአእምሮ ህመም ነው። ሙንቻውዘን ሲንድረም ሲባል የምትሰሙት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ሪቻርድ አሸር የሚባል እንግሊዛዊ ሀኪም በአንድ ወሬ በማጋነን በታወቀ ጀርመናዊ ባሮን ስም ነው የሰየመው (ስሙ ራሱ ሹፈት ስላለበት እኔ አልወደድኩትም)። "ለሲክ ሊቭ ወይ ለብር ብሎ የሚያስመስል ሌላ ነው፣ እሷ ምን አተረፈች?" ስትለን መልስ አጣን፣ ስራዋን አጣች፣ እጮኛዋ ሄደ፣ ምን አተረፈች? የምታደርገውን ታውቀዋለች፣ ለምን እንደምታደርገው ግን ለራሷም አይገባትም ነው ያለችን። በራሱ ሳይሆን በሚያሳድገው ልጅ ላይ የሚያደርግም አለ፣ እሱ ሲሆን ቅድሚያ ልጁን ማዳን ነው አለች። ደግሞ ሀኪም በሽታውን ስላላገኘው ብቻ ማንም ሰው ታስመስላለህ መባል እንደሌለበት ደጋግማ ነግራናለች።

እህቴን "ለምን ዋሸሽ" ብላ አልጠየቀቻትም። ውጤቱን ሳትደብቅ ነገረቻትና "ይሄን ሁሉ ያደረግሽው ከባድ ነገር ተሸክመሽ ነው፣ አብረን እናየዋለን" ነው ያለቻት። ህክምናው ለወራት ያው ቁጭ ብሎ ማውራት ነው፣ ለበሽታው ለራሱ ኪኒን የለውም፣ ድብርቷን ግን በመድሀኒት እየታከመች ነው። ቀስ እያለ የመጣው ነገር፣ በዘጠኝ አመቷ ሳንባ ምች ይዟት ሶስት ሳምንት ተኝታ ነበር፣ መስክ ስራ የማይጠፋው አባታችን አልጋዋ ስር ፍራሽ ዘርግቶ ያደረው ያኔ ብቻ ነው። እኔ ይሄን ረስቼው ነበር፣ ሶስታችንም ረስተነዋል።

አሁን የእማዬ ኢንሱሊን ጎረቤት ፍሪጅ ነው የሚቀመጠው፣ ሆስፒታል መቀያየር ቀርቶ አንድ ዶክተር ብቻ ነው የሚያያት። በመሀል አንዴ ደግማዋለች፣ ሲስተር ጋር ራሷ ደውላ ተናገረች። ወንድሜም ፋሲካ ላይ መጣ፣ ብዙ አላወራም ግን በላ።

ቤታችሁ እንዲህ አይነት ነገር ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ሲስተርን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ካርድ ለማውጣት ሰልፉ ረጅም ስለሆነ በጠዋት ነው መሄድ፣ የድሮ የምርመራ ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ የኛን አንድ ፌስታል ሙሉ አንድ በአንድ ነው ያነበበችው።