የፊት ማስዋቢያ አፕ ለአንድ ወር ተጠቅሜ ያየሁት

ታናሽ እህቴ 17 ዓመቷ ነው። ከወር በፊት ስልኬን ተቀብላ ራሷን ፎቶ አነሳችና ወዲያው መለሰችልኝ። «ካሜራሽ ተበላሽቷል» አለችኝ። ተቀብዬ አየሁት፣ ምንም አልሆነም። ለካ እሷ ሰልፊ የምትነሳው ፊት በሚያስውብ አፕ ብቻ ነው፤ በተራ ካሜራ ራሷን ካየች ከዓመት በላይ ሆኗታል። ፊቷ እንግዳ ሆኖባት ነው ጥፋቱን ስልኬ ላይ ያደረገችው።

ይሄ ነገር አላስተኛኝም። ያንኑ አፕ ጫንኩትና አንድ ወር ሙሉ ተጠቀምኩበት። ስሙን አልጠራም፤ ከዚህ ዓይነቶቹ ሌሎች ሦስት ሞክሬ ሥራቸው ያው ነው።

ጥሩ ጎኑን ልናገር። ፈጣን ነው፣ ስልክ አያከብድም። ጨለማ ቦታ የተነሳ ፎቶ ላይ ብርሃን ሲጨምር የምር አሪፍ ነው። ከኋላ ያለውን ዝብርቅርቅ ማደብዘዙንም ወድጄለታለሁ። ማስታወቂያው ይበዛል፣ ያው ነፃ ስለሆነ ነው ብለን እንለፈው።

የማላልፈው ግን አለ። አፑን ስትከፍቺው ማስዋቢያው ቀድሞ በርቶ ነው የሚጠብቅሽ። ምንም ሳትነኪ፣ ምንም ሳትጠይቂ ቆዳሽ ለስልሷል፣ አገጭሽ ቀጥኗል፣ ዓይንሽ ሰፍቷል። የራሴን ፊት ለማየት አራት ቦታ ገብቼ አንድ በአንድ ማጥፋት ነበረብኝ፣ በማግስቱ ስከፍተው ደግሞ ሁሉም ተመልሶ በርቷል። «አጥራ» የምትል ቁልፍ አለች፤ ጠይም ነኝ፣ እሷን ስነካት ቀላሁ። መጥራት ማለት መቅላት ነው ያለው ማን ነው? ይህችን ቁልፍ የ13 ዓመት ልጅ ነክታ ምን እንደምትማርባት ሳስብ ያመኛል።

ከግራ ጉንጬ ላይ ማርያም የሳመችኝ አለች፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ። እናቴም እዚያው ቦታ ላይ አላት። ልጅ ሆኜ የእናቴን በጣቴ እየነካሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። አፑ መጀመሪያ ቀን አጠፋት። ጠባሳና ብጉር ከሚያጠፋበት ጋር ደምሮ ነው ያጠፋት፤ ለእሱ ሁሉም እድፍ ነው። ፎቶውን ለእናቴ ላክሁላት። «ቆንጆ ነሽ፣ ግን ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ደወለችልኝ።

ሌላው ብዙ ልጆች የማያውቁት ነገር፣ ሰልፊ ራሱ ፊትን ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ ፎቶ ላይ አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። ቅርብ ያለ ነገር ይተልቃል፣ አፍንጫ ደግሞ ከፊታችን ሁሉ ለስልኩ ቅርብ ነው፣ በቃ ይኸው ነው። በዚያ ላይ የምናውቀው ፊታችን የመስታወቱ ነው፣ ግራና ቀኙ የተገለበጠው። ሰው ያነሳን ፎቶ እንግዳ የሚሆንብን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እንግዲህ ስልኩ አፍንጫሽን ያሰፋዋል፣ አፑ ደግሞ «ላጥብብልሽ» ይልሻል። እህቴ አፍንጫዋን ጠልታ የኖረችው ለካ በክንዷ ርዝመት ምክንያት ነው።

«የዛሬ ሴቶች ከራሳቸው ፍቅር ይዟቸዋል» የሚለውን ወሬ ከዚህ በኋላ አልቀበልም። አንድ ቀን ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 41 ፎቶ አነሳች። 40ውን አጠፋች፣ እያንዳንዱን ስታጠፋ ከንፈሯን እየነከሰች። የቀረውን ሃያ ደቂቃ ኤዲት አድርጋ ፖስት አደረገች፤ ከዚያ ስልኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በየደቂቃው እያነሳች ታያለች። ራሱን የወደደ ሰው እንደዚህ አይጨነቅም። ላይኩ መጣ፣ «ውይ ስታምሪ» የሚሉ ኮሜንቶች መጡ። ፊቷን አየሁት፣ አልበራም። «ደስ አላለሽም?» ብላት «እኔን እኮ አይደለም ያሉት» አለችኝ። ይህችን ቃል ከሰማሁ ወዲህ አፑን ስከፍት ሁሌ ጆሮዬ ላይ አለች። ሙገሳው የሚሄደው ለተሠራው ፊት ነው፣ ልጅቷ ጋ አይደርስም። ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ በማግስቱ ሌላ ፎቶ ያስፈልጋል።

እኔም አልዳንኩም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጥርሴን ስቦርሽ መስታወት ውስጥ ዓይኔ ትንሽ መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ዓይኔ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሠሪዎቹን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሲከፈት ጠፍቶ ይከፈት፣ የፈለገች ታብራው። ዋናውን ፎቶም ያስቀምጥልን፤ አሁን የሚያስቀምጠው የተነካካውን ብቻ ስለሆነ የወሩን ፎቶዎቼን ሳይ አንዱም ላይ እኔ የለሁም። የተነካካው ላይ ደግሞ ምልክት ይኑረው። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሰውነት ቅርፅ ወይም ቆዳ የተቀየረበት የማስታወቂያ ፎቶ ምልክት እንዲደረግበት ሕግ ያስገድዳል። አገር በሕግ ያደረገውን አንድ አፕ በትንሽ ምልክት ማድረግ አያቅተውም።

ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቼዋለሁ፣ ሁለቱም ለብርሃኑ ነው። ለራሷ ፊት ገና ያልለመደች ትንሽ ልጅ ስልክ ላይ እንዲጫን አልመክርም። ጭነሽው ከሆነም መጀመሪያ ማስዋቢያውን ዜሮ አድርጊው፣ ፎቶሽን ደግሞ ስልኩን ራቅ አድርገሽ አስደግፊና በቆጣሪ ተነሺ።

እኔና እህቴ ባለፈው እሁድ እንደዚያ ተነሳን። ስልኩን መስኮቱ ጋ አስደግፈን፣ አስር ሰከንድ ሞልተን፣ እየተጋፋን። ፎቶውን አሳንሳ አሳድጋ ብዙ ቆየችበት። «አፍንጫዬ እንደዚህ ነው እንዴ?» አለች። «አዎ» አልኳት። አፑን አላጠፋችውም፣ ፎቶውንም ፖስት አላደረገችውም። ግን ለእናታችን ላከችላት።