«የጥንድ ሙሉ ፓኬጅ» የሚባለውን የአኳሪየም ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት

ከሰው ጋር አኳሪየም (ዓሣና ሌሎች የባሕር እንስሳት የሚታዩበት ቦታ) ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ኢንተርኔት ላይ የደላላ ድረ ገጾች «ለጥንዶች ሙሉ ፓኬጅ» እያሉ የሚሸጡትን ትኬት አትግዙ። ከገዛችሁም መጀመሪያ ይህን አንብቡ። እኔና እህቴ በዚያ ትኬት ነው የገባነው። የከፈልነው የመደበኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያየነው ግን በር ላይ ትኬት ቆርጠው የገቡት ሰዎች ካዩት ብዙም አይለይም።

የቦታውን ስም አልጠራም። ብጠራው አኳሪየሙ «ሻጩን ጠይቁ» ይላል፣ ሻጩም «አኳሪየሙን ጠይቁ» ይላል። ሁለቱም ይህንኑ ብለውናል። ዘዴው ደግሞ የአንድ ቦታ ብቻ አይደለም።

ማስታወቂያው ሲነበብ ያምራል። መግቢያ፣ በውሃ ስር ዋሻ ማለፍ፣ ሻርክ ሲመገብ ማየት፣ የባሕር እንስሳ መንካት፣ «ከመጋረጃ ጀርባ» ጉብኝት፣ የማስታወሻ ፎቶ፣ በዚያ ላይ «ያለ ወረፋ»። ችግሩ ምንድን ነው፣ ዋሻው መደበኛው ትኬት ውስጥም አለ። ምገባውም አለ። መንኪያ ገንዳውም አለ። ማንም የሚያገኘውን ነገር አንድ በአንድ ዘርዝረው እንደ ልዩ አገልግሎት ሸጡልን።

«ያለ ወረፋ» የሚለው ጭራሽ ቀልድ ነው። የሚያስቀርላችሁ የትኬት መቁረጫውን ወረፋ ብቻ ነው። የፍተሻው ሰልፍ እንዳለ አለ። ዛሬ አብዛኛው ሰው ትኬቱን በስልኩ ይዞ ስለሚመጣ ደግሞ ረጅሙ ሰልፍ እዚያው ፍተሻው ጋ ነው። እህቴ ስልኳን ከፍ አድርጋ ለጥበቃው ብታሳየው፣ ሰልፈኛውን በእጁ እያመለከተ «እነዚህም ሁሉ ያለ ወረፋ ናቸው» አላት።

ፎቶውማ ለብቻው ይወራለት። ገና አንድ ዓሣ ሳታዩ በር ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ያቆሟችኋል። «ወደ ላይ እዩ፣ ሻርክ መጣ፣ ደንግጡ!» ትባላላችሁ። ሻርኩን በኋላ በኮምፒውተር ነው የሚለጥፉት። ኮምፒውተሩ አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ አጥፍቶ በባሕር ምስል ይተካል። እህቴ ደግሞ አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋ ነበር። ስንወጣ በሰጡን ፎቶ አንገቷ የለም፤ በቦታው ቢጫ ዓሦች ይዋኛሉ። ፓኬጁ ውስጥ «ፎቶ» የተባለው ይህችው ትንሽ ህትመት ናት። በስልክ እንዲላክላችሁ ከፈለጋችሁ ሌላ ክፍያ አለው።

«ከመጋረጃ ጀርባ» የሚለውን ስታዩ ምን እንደሚያሳዩ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደህና ቦታ ከሆነ የውሃ ማጣሪያውን፣ አዲስ የመጡ ዓሦች ለብቻቸው የሚቆዩበትን ገንዳ፣ ምግብ የሚዘጋጅበትን ክፍል ያሳያል። ይህ ተጨማሪ ቢከፈልበትም አይቆጭም። እኛን በብረት ደረጃ አወጡንና በትልቁ ገንዳ አናት ላይ አቆሙን። ውሃው የመብራቱን ነጸብራቅ እየረጨ ከታች ምንም አያሳይም። ወዲያው «በዚህ በኩል ውጡ» ተባልን።

ሻርክ ሲመገብ በየቀኑ ታያላችሁ የሚል ማስታወቂያም አጠራጣሪ ነው። አብዛኞቹ ሻርኮች የሰውነታቸው ሙቀት ከውሃው ጋር የሚሄድ ስለሆነ እንደ እኛ ቶሎ ቶሎ መብላት አያስፈልጋቸውም። ብዙ አኳሪየሞች ሻርኮቻቸውን የሚመግቡት በሳምንት ጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ የሻርክ ምገባ የምትፈልጉ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱን አኳሪየሙን ጠይቁ። እኛ ያየነው ለትናንሽ ዓሦች ምግብ ሲበተን ነው። ናርስ ሻርክ የሚባለው የሻርክ ዓይነት ከስር ተኝቶ ንቅንቅ አላለም። «ሞቷል እንዴ?» አለች እህቴ። ሠራተኛዋ ሰማቻትና ሻርክ ሁሉ ካልዋኘ ይሞታል የሚባለው ትክክል እንዳልሆነ ነገረችን። ናርስ ሻርክ ተኝቶም በአፉ ውሃ እየሳበ በስንጥቡ በኩል ያሳልፋል። የዚያን ዕለት ካገኘነው ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው፤ ያውም በነጻ።

ሐሰተኛ ማስታወቂያ የሚለይበት አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ ፎቶውን ተመልከቱ። ትልቁ ነጭ ሻርክ፣ ማለትም ያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አስፈሪው፣ በቋሚነት የሚታይበት አኳሪየም የለም። በአሜሪካ የሞንቴሬይ ቤይ አኳሪየም በ2004 (እ.ኤ.አ.) አንድ ትንሽዬ ይዞ ከ6 ወር በላይ ካቆየ በኋላ ወደ ባሕር መልሷል፤ ያ ራሱ ትልቅ ዜና ነበር። ነጠብጣባሙ ግዙፍ ዌል ሻርክም ቢሆን ከ12 ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል፣ የሚያቆዩት በጃፓን እንደ ኦኪናዋው ቹራውሚና በአሜሪካ እንደ አትላንታው ጆርጂያ አኳሪየም ያሉ በጣም ጥቂት ቦታዎች ናቸው። ገበያ ማዕከል ስር ያለ አንድ አዳራሽ የእነዚህን ፎቶ ለጥፎ ትኬት ከሸጠ፣ ፎቶው ከዚያ ቤት አይደለም።

አሁን ደግሞ «ጥንድ» የምትለዋ። ለሁለት ሰው የሚሰጠው አንድ ኮድ ነው። አንዳችሁ ከዘገያችሁ ሌላው ብቻውን መግባት አይችልም፤ ከገባም ኮዱ ተቃጠለ። ከፊታችን የነበረ ልጅ ጓደኛው ስላልደረሰ እዚያው ቆሞ የመግቢያ ሰዓቱ አለፈበት። ለየብቻ የተቆረጠ ትኬት ይህ ጣጣ የለበትም።

ከዚህ የባሰው ግን ቅናሽ ማስቀረቱ ነው። በብዙ አኳሪየሞች አካል ጉዳት ያለበትን ሰው ይዞ የሚመጣ ረዳት በነጻ ወይም በቅናሽ ይገባል። ለተማሪና ለአዛውንትም ቅናሽ አለ። የደላላ ድረ ገጾች ላይ ግን «ጥንድ» ተጫኑና ክፈሉ ብቻ ነው። እናቱን በተሽከርካሪ ወንበር ይዞ የሚሄድ ሰው ለራሱ መክፈል የማይገባውን ሊከፍል ይችላል። ከአንድ ሰው ጋር ደጋግማችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የዓመት አባልነቱን ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ እንግዳ ይዞ መግባትን ይጨምራል።

ስለዚህ ከአኳሪየሙ ከራሱ ድረ ገጽ ወይም ከበሩ ግዙ። ፍለጋ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ያለበት ብዙ ጊዜ ደላላ ነው። ተጨማሪ ነገር ካማራችሁ ገብታችሁ፣ አይታችሁ ክፈሉ።

አንዴ የገዛችሁ ካላችሁ፣ የማስታወቂያውን ገጽ አሁኑኑ ስክሪንሾት አንሱ። እኛ ቅሬታ ካቀረብን በኋላ ገጹን ቀይረውታል፤ «የሻርክ ምገባ» የነበረው «የዓሣ ምገባ» ሆኗል። በካርድ ከከፈላችሁ የተባለው አገልግሎት አልተሰጠኝም ብላችሁ ለባንካችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ለዚህ የጊዜ ገደብ ስላለው ግን ከሻጩ ጋር በኢሜይል ስትመላለሱ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።

እኛ አመልክተን መልስ እየጠበቅን ነው። ደላላው እስካሁን የላከልን ነገር ቢኖር ለሚቀጥለው የጥንድ ፓኬጅ የሚያገለግል የቅናሽ ኮድ ነው።