ልጄን እስኪጨርስ ለጠበቀችው እህት፣ እግዜር ይስጥልኝ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና አካባቢው ያላችሁ ወላጆች፣ የሚንተባተብ ልጅ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ባይኖራችሁም ለጎረቤት ንገሩልኝ።

ልጄ 8 ዓመቱ ነው። መንተባተብ የጀመረው በ4 ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ያን ያህል አላስጨነቀኝም ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን መከራው መጣ። ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት አለበት። የእኔ ልጅ ደግሞ «አ» ላይ ይያዛል። አንገቱ ይገተራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቃሉ አይወጣም። እጁን ቢያወጣ «አፍ የለህም?» ተባለ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረ። ከልጆቹ ጋር በአንድ ድምፅ ሲያነብ ወይም መዝሙር ሲዘምር ግን አንዲት ቃል አትይዘውም። በዚህም «አውቆ ነው» የሚል ሰው አላጣሁም።

ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ጋ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወረፋ ጠብቀን፣ ልጄን ቀና ብለው ሳያዩት «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው ቫይታሚን ጽፈው ሸኙን። ሌላ ቦታ በአንድ ወር እናስተካክለዋለን ብለው ክፍያውን በቅድሚያ ተቀበሉኝ። ሥራቸው ጮክ ብሎ ማስነበብና በተያዘ ቁጥር ጠረጴዛ መደብደብ ነበር። ለዚህ ነው በሦስት ታክሲ የተንከራተትነው! ልጄ ጭራሽ ዝም አለ። ዝምታው ከመንተባተቡ በላይ አስፈራኝ።

ይህችን የንግግር ሕክምና ባለሙያ የጠቆመችኝ የብሎካችን ጎረቤት ናት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ አንዲት ክፍል አለቻት። ገና እንደገባን ልጄን ስሙን ጠየቀችው። ስሙም በዚያው በ«አ» ነው የሚጀምረው። ተያዘ። እንደ ልማዴ ልመልስለት አፌን ስከፍት፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል እጇን ቀስ አድርጋ ወደ እኔ ዘረጋች። ዝም አልኩ። ጠበቀችው። ውጭ ቆራሌው እየጮኸ መጣ፣ አለፈ፣ ድምፁም ራቀ። እሷ ሰዓት አላየች፣ «ተረጋጋ» አላለች። ልጄ ስሙን ጨረሰው። ራሱ! «ማን አወጣልህ?» አለችው። «አያቴ» አላት። በእነዚህ 4 ዓመታት እኔ እናቱ አንድ ቀን እንዲህ ጠብቄው አላውቅም። እዚያው አለቀስኩ።

«እናቱ፣ እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም» አለችኝ። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሚጀምር፣ ወንዶች ላይ እንደሚበዛ፣ በዘርም እንደሚሄድ ነገረችኝ። የአባቴ ወንድም ትዝ አሉኝ። ሰርግም ለቅሶም ላይ ጥግ ይዘው ዝም ይሉ ነበር። ዝምተኛ ናቸው እያልን ነው ያደግነው።

ከልጄ ጋር የምትሠራው ሁሉ አይገባኝም። ለእኔ የሰጠችኝ ሥራ ግን ቀላል ነው። ቃሉን አይጨርሱለት፣ ራስዎ ቀስ ብለው ያውሩ፣ ማታ ማታ 5 ደቂቃ ስልክም ቴሌቪዥንም ትተው ከእሱ ጋር ብቻ ይሁኑ። አዲሷን አስተማሪውንም ራሷ ደውላ አነጋገረቻት። አሁን በክፍላቸው ስም ሲጠራ የፈለገ ልጅ ሁሉ እጁን ማውጣት ይችላል።

ይድናል ብላ ቃል አልገባችልኝም። አሁንም ይንተባተባል። ግን ያወራል! ባለፈው ሳምንት እርሾ ግዛ ብዬ ሱቅ ላክሁት። «እ፣ እ» ሲል ባለሱቁ «እንቁላል ነው?» ይለዋል። «ጋሼ፣ ልጨርስ» አለው። ባለሱቁ ራሱ ነው የነገረኝ።

እህቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። እባካችሁ ውሰዷቸው፣ ዛሬ ነገ አትበሉ። ስሙን ስትጠይቀው ግን እንዳትመልሱለት።