ሶኬቱን መጠገን ወይስ ቦርዱን መቀየር?

የመካኒካል ኪቦርዳችሁን ስዊቾች (ከየቁልፉ ሥር ያሉትን መጫኛዎች) ቀይራችሁ አንድ ፊደል አልጽፍ አለ? መጀመሪያ ስዊቹን ነቅላችሁ እግሮቹን እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የታጠፈ እግር ነው፤ በወረንጦ ማቅናት ይበቃል። እግሮቹ ደህና ከሆኑ ኪቦርዱ እንደተሰካ የሶኬቱን (የስዊቹ እግሮች የሚሰኩበትን ማስገቢያ) ሁለት ብረቶች በወረንጦ አገናኙ። ፊደሉ ከተጻፈ ጥፋተኛው ስዊቹ ነው። ካልተጻፈ ግን ሁለት መንገድ አለ፦ ሶኬቱን መጠገን፣ ወይም ሶኬቶቹ ያሉበትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ (ቦርዱን) መቀየር።

ወጪ፦ ሶኬት ርካሽ ነው። ቦርድ አንዳንዴ የአዲስ ኪቦርድ ዋጋ ይጠጋል።

ቅለት፦ ለሁለቱም ኪቦርዱን መፍታት ግድ ነው። ስዊች በኃይል ሲገፋ ሶኬቱ ከቦርዱ ጀርባ ይላቀቃል። ያኔ የዩኤስቢ ገመዱን ነቅሎ የሶኬቱን ሁለት ጫፎች በ350 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መልሶ ሶልደር ማድረግ (በቀለጠ ብረት መበየድ) ነው። ስዊች ስታስገቡ ሶኬቱን ከጀርባ በጣት ደግፉት፤ ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያስቀረው እሱ ነው። ቦርድ መቀየር ሶልደር አይፈልግም፤ ግን ስዊቾቹን በሙሉ መንቀል አለ።

ስጋት፦ ሙቀት ከበዛ ቦርዱ ላይ ያለው የመዳብ ንጣፍ ይነሳል። ቢነሳም ተስፋ አትቁረጡ፤ መስመሩን ተከትሎ ቀጭን ሽቦ መዘርጋት ይቻላል። የቦርዱ ስጋት ሌላ ነው፦ የብሎን ቀዳዳውና የዩኤስቢ መሰኪያው ከሳጥኑ ጋር ካልገጠመ ገንዘቡ ባከነ።

አንድ ሁለት ቁልፍ ብቻ ከሞተ፣ ሶልደር የሚችል ሰውም ካለ፣ እኔ ሶኬቱን እጠግናለሁ። ውሃ ገብቶበት ብዙ ቁልፍ ከሞተና ተመሳሳይ ቦርድ ከተገኘ ግን መቀየሩ ይሻላል።