የማያን አርኪዮሎጂ በመስክ ለመማር የትኛው ይሻላል? የቤሊዝ ሦስት የክረምት የመስክ ትምህርት ቤቶች ንጽጽር

አርኪዮሎጂን ሙያው ለማድረግ የወሰነ ተማሪ ካዙላና ወንፊት ይዞ የሚማርበት ቢያንስ አንድ ክረምት ያስፈልገዋል። አሜሪካ ውስጥ በቅርስ ጥናት የተሰማሩ ድርጅቶች ጀማሪ ሠራተኛ ሲቀጥሩ የመስክ ትምህርት ቤት ማጠናቀቅን በአብዛኛው ስለሚጠይቁ፣ በዚያ አገር ኮሌጆች አንትሮፖሎጂ ለሚያጠኑ ልጆቻችንም ጉዳዩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የጥንቱ የማያ ሕዝብ ከተሞች ፍርስራሽ ከሚገኝባቸው የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች መካከል ለጀማሪ ቤሊዝ ትመቻለች፤ ጓቲማላና ሜክሲኮ በቂ ስፓኒሽ ሲጠይቁ የቤሊዝ የሥራ ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ ነው። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ሦስቱ መርሐ ግብሮች ሁሉም በቤሊዝ ለረጅም ዓመታት የሠሩ ናቸው።

የመጀመሪያው በምዕራብ ቤሊዝ ሳን ኢግናሲዮ ከተማ አካባቢ የሚሠራው ቤሊዝ ቫሊ አርኪዮሎጂካል ሪኮኔሳንስ፣ በአጭር ስሙ ቢቫር ነው። በ1988 የመሠረቱት ሃይሜ አዌ በአርኪዮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያው ቤሊዛዊ ሲሆኑ የአገሪቱን የአርኪዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ለዓመታት መርተዋል። ቡድናቸው በ2016 ሹናንቱኒች በተባለው ጥንታዊ ከተማ መቃብርና ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የድንጋይ ሰሌዳዎች ያገኘ ሲሆን፣ ሰሌዳዎቹ ካራኮል ከተባለችው ሌላ የማያ ከተማ ተነቅለው የመጡ የአንድ መወጣጫ ደረጃ ክፍሎች መሆናቸው በከተሞቹ መካከል ስለነበረው ጦርነት የሚታወቀውን አስፍቶታል።

ለተማሪ ግን ከዝነኛው ግኝት ይልቅ በሳን ኢግናሲዮ እንዳለው እንደ ካሃል ፔች ባለ ጥንታዊ የማያ ቦታ የሚገኘው የዕለት ተዕለት ትምህርት ይበልጣል። እዚያ ሰው መኖር የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ የኖራ ልስን ወለሎች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ወለሉ የሚታየው እንደ ቀጭን ነጣ ያለ መስመር ነው። ተማሪው ግድግዳውን በካዙላ አለስልሶ፣ ሲባጎ ወጥሮ በውሃ ልክ ካስተካከለ በኋላ መስመሩን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ይስላል፤ በሁለት ወለሎች መካከል የወጣው የሸክላ ስብርባሪና ባልጩት ሁሉ የራሱ ቁጥር ባለው ከረጢት ይገባል። የላይኛውና የታችኛው ከረጢት ከተቀላቀሉ የዘመኑ ቅደም ተከተል ይጠፋል፤ ቦታው አንዴ ተቆፍሯልና ማንም መልሶ ሊያስተካክለው አይችልም። ስለዚህ ማንኛውንም መርሐ ግብር ከመምረጥ በፊት የተማሪውን የመስክ መዝገብ በየቀኑ የሚያርመው ማን እንደሆነ፣ አንድ ተቆጣጣሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ፣ ስብርባሪውን በጥርስ ብሩሽ አጥቦ በመለየትና በመመዝገብ ሥራ ምን ያህል ሰዓት እንደሚያልፍ መጠየቅ ይገባል። እኔ ከፒራሚዱ ቁመት ይልቅ ለእነዚህ መልሶች ትልቅ ዋጋ እሰጣለሁ።

ሁለተኛው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን በኩል ከ1992 ጀምሮ የሚካሄደው ፕሮግራም ፎር ቤሊዝ አርኪዮሎጂካል ፕሮጀክት ነው። የሚሠራው በሰሜን ምዕራብ ቤሊዝ፣ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት ባለው የሪዮ ብራቮ ጥብቅ ደን ውስጥ ሲሆን፣ ከአገሪቱ ትላልቅ የማያ ከተሞች አንዷ የሆነችው ላ ሚልፓ የምትገኘውም በዚያው ነው። በእንዲህ ያለ ደን ውስጥ ሥራው በገጀራ መስመር ከፍቶ፣ ቶታል ስቴሽን በተባለው የኤሌክትሮኒክ የቅየሳ መሣሪያ ጉብታዎችን ለክቶ ካርታ ማንሳትን ይጨምራል፤ የተራ ገበሬዎችን መኖሪያ፣ የእርሻ እርከንና የውሃ አያያዝ ማጥናት ለሚሻ ተማሪ ይህን የሚያህል ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ሆኖም በአንድ ፈቃድ ሥር የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖች ስለሚሠሩ፣ በየትኛው ቡድን እንደሚመደቡና ቡድኑ ምን ጥያቄ እንደሚያጠና አስቀድሞ ማወቅ የግድ ነው። ሰፈሩ ከከተማ የራቀ ነው፤ በአገሬው አጠራር ቶሚጎፍ የሚባለው መርዛማ እባብም በእነዚህ ደኖች ስለሚኖር ረጅም ቡት ሊታለፍ አይገባም። በሳን ኢግናሲዮ በአንጻሩ ከሥራ መልስ ገበያም ሐኪምም ቅርብ ነው።

ሦስተኛው በሰሜን ምዕራብ ቤሊዝ ብሉ ክሪክ አካባቢ የሚሠራውና ለትርፍ ያልተቋቋመው ማያ ሪሰርች ፕሮግራም ነው። የሁለት ሳምንት ዙሮች ስላሉትና ልምድ የሌላቸውን በጎ ፈቃደኞችም ስለሚቀበል፣ ሙያው ይስማማው እንደሆነ ለማየት ለሚፈልግ ወይም ረጅም ፈቃድ ለማያገኝ ሠራተኛ ይመረጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቁፋሮ የሚወጣ ተማሪ ቢጠይቀኝ ቢቫርን፣ ያውም ረዘም ያለውን ዙር እመክረዋለሁ፤ የተደራረበ ግንባታን ማንበብ የተማረ ሰው ሌላውን ለመማር አይቸገርም። ቁፋሮን አስቀድሞ የለመደና ወደ አካባቢ ጥናት ወይም ወደ ካርታ ሥራ ያዘነበለ ግን ወደ ሪዮ ብራቮ ቢሄድ ይጠቀማል። የዝናቡ ወቅት በሰኔ ስለሚገባ፣ ምርጫ ካለ የግንቦቱ ዙር ቢሞቅም ጉድጓዱ በውሃ አይሞላም።

ዋጋ ሲነጻጸር በማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ክፍያ ብቻ መመልከት ያሳስታል፤ የዩኒቨርሲቲው የክሬዲት ክፍያ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የጤና መድንና የመስክ ዕቃ ተደምረው መታየት አለባቸው። ክሬዲቱን ወደ ራሱ ኮሌጅ የሚያዛውር ተማሪ የትምህርት ክፍሉን ስምምነት ከመክፈሉ በፊት በጽሑፍ ይያዝ። የአሜሪካ አርኪዮሎጂ ኢንስቲትዩት በጄን ዋልድባም ስም የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ለመጀመሪያ ጊዜ መስክ ለሚወጡ ተማሪዎች የታሰበ በመሆኑ ማመልከት ይበጃል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ተማሪ ደግሞ የቤሊዝን የመግቢያ ቪዛና ወደሚማርበት አገር የመመለሻ ፈቃዱን ጉዳይ ቅድመ ክፍያ ከመላኩ በፊት ይጨርስ፤ የቅድመ ክፍያ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይመለስም።