ታማ የዳነች ውሻ ወይስ «ጀርመን» ቡችላ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ግቢ ያጠረ ሰው ሁሉ ውሻ ይፈልጋል። ሰሞኑን ወዳጆቼ ተመሳሳይ ጥያቄ እያነሱብኝ ነው። «ጎረቤቴ ቤት ሊለቅ ነው። ውሻዬን በነጻ ውሰዳት ይለኛል። ግን አምና ታማ ነበር። እሷን ልውሰድ ወይስ አዲስ አበባ ወርጄ ጀርመን ቡችላ ልግዛ?»

እኔ የማደላው ለዳነችው ነው። ምን እንደታመመች በግልጽ ከተነገራችሁና በሽታው ጠባሳ ጥሎባት ካልሄደ፣ ውሰዷት።

የቡችላውን ዋጋ እንይ። አንድ ወዳጄ መንገድ ዳር ከቆመ ሻጭ ቡችላ ገዛ። 18 ሺህ ብር ተጠየቀ፣ ተከራክሮ 12 ሺህ ከፈለ። በካርቶን አድርጎ 130 ኪሎ ሜትር ይዞት መጣ። ሳምንት ሳይሞላው ቡችላው ያስመልስ ጀመር። ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ተከተለ። የያዘው ፓርቮ የሚባል፣ ቡችላን የሚገድል የአንጀት ቫይረስ ነበር። ግሉኮስ፣ መርፌ፣ የሐኪም ምልልስ ተደማምሮ ሌላ 4 ሺህ ብር ወጣ። ቡችላው ግን አልተረፈም። 16 ሺህ ብር ሄደ፣ ግቢውም ያለ ውሻ ቀረ። ጉዳቱ በዚህም አያበቃም። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል እዚያ ግቢ ያልተከተበ ቡችላ ማስገባት ሌላ ገንዘብ መጣል ነው።

ሻጩ የክትባት ካርድ ሰጥቶት ነበር። ሦስቱም ክትባቶች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት ተሞልተዋል። ማኅተም የለውም። በደንብ የተሞላ ካርድ ላይ ከክትባቱ ጠርሙስ የተላጠ፣ የምርት ቁጥር ያለበት ወረቀት ይለጠፋል፤ የሐኪሙ ፊርማም አለ። ደግሞም ቡችላ የሚከተበው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየተወሰነ ሳምንት እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ነው። «የሁለት ወር ነው፣ ሦስቱንም ጨርሷል» የሚል ሻጭ ውሸቱን በራሱ አፍ እየነገራችሁ ነው።

«ጀርመን» የሚለው ስምም እንዲሁ ነው። የጀርመን ሼፐርድ ጆሮ በጨቅላነቱ ታጥፎ ይቆይና ከወራት በኋላ ይቆማል። ሻጮች ይህን ያውቃሉ። ጆሮው የወደቀ ጥቁርና ቡናማ ቡችላ ሁሉ «ገና ነው፣ ይቆማል» እየተባለ ይሸጣል። የአገር ውሻ መሆኑን የምታውቁት ካሳደጋችሁት በኋላ ነው። የአገር ውሻ ደግሞ ጎበዝ ጠባቂ ነው፤ ብርዱንም ይችላል። ግን 12 ሺህ ብር አይከፈልበትም!

የዳነችው ውሻ ዋጋ ነጻ ቢባልም ወጪ አላት። መመርመሪያ፣ የትል መድኃኒት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ሁሉም ቢደመር የዚያን ቡችላ የሕክምና ወጪ እንኳ የሚደርስ አይመስለኝም። ትልቁ ጥያቄ የታመመችው ምን ነበር የሚለው ነው።

ፓርቮ ከነበረ ደስ ይበላችሁ። ከፓርቮ የተረፈ ውሻ በሽታውን ለዓመታት የመቋቋም አቅም ያገኛል።

እከክ ከነበረ በምን እንደታከመች ጠይቁ። እዚህ ብዙ ችግር ያየሁት በሕክምናው ነው። ሰው ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን የሚባል የተባይ መድኃኒት ይገዛና በግምት ይወጋል። የከብቱ መርፌ ለውሻ በጣም ጠንካራ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ ውሻዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ትወድቃለች፣ ልትሞትም ትችላለች። በሐኪም ታክማ ጸጉሯ ከበቀለ ግን ብዙም ስጋት የለም። ጸጉሯ ገና ካልበቀለ ደግሞ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ አስቡ። ደረቅ ጭድና ጣሪያ ያለው ማደሪያ ሳታዘጋጁ አታምጧት። አንዱ የእከክ ዓይነት ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ ልጆች ካሉ ሐኪም «ድናለች» እስኪል ጠብቁ።

ዲስቴምፐር የሚባለው፣ ነርቭንም የሚያጠቃ የውሻ ቫይረስ ከነበረ ግን ቆም በሉ። ከሱ የዳነ ውሻ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የጡንቻ መንዘፍዘፍ ወይም የሚጥል በሽታ ሊመጣበት ይችላል። ስትተኛም ስትቆምም ተቀምጣችሁ እዩዋት። እግሯ ወይም መንጋጋዋ ያለማቋረጥ እየዘለለ የሚንዘፈዘፍ ከሆነ ዕድሜ ልኳን የሚያስታምማት ሰው ትፈልጋለች። ያን ማድረግ ከቻላችሁ እሰየው፤ ካልቻላችሁ እንቢ ማለት ነውር የለውም።

«አብዳ ነበር፣ ግን ዳነች» የሚላችሁ ካለ ወይ ተሳስቷል ወይ እየዋሸ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ውሻ አይድንም።

ክትባቱን ለእኛ አካባቢ በተለይ አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለን። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም ይባላል። ከሚጨርሷቸው ነገሮች ዋነኞቹ ከቤት ውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ናቸው። ባሌ ላይ ይህ በተደጋጋሚ ደርሷል። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ መንዝ ስትወጡ ያልተከተበ ውሻ አታስከትሉ።

በግ በምናርድበት ጊዜም አንድ ነገር አለ። ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ እንወረውራለን። ያ ውሃ ውስጥ የውሻ ኮሶ ዘር አለ። ውሻዋ አንጀት ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ወጥቶ ወደ ሰው ይመለሳል፤ በሰው ጉበትም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ነጻ የተሰጠቻችሁም ውሻ 12 ሺህ የወጣበትም ቡችላ ይህን እኩል ያስተላልፋሉ። ውሃ የቋጠረውን ጉበትና ሳንባ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

እሺ ከማለታችሁ በፊት ባለቤቷን አስፈቅዳችሁ ራሳችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የሐኪሙን እናንተ ክፈሉ፤ የሚነግራችሁም ለእናንተ ይሆናል። ለመውሰድ ስትወስኑ ካርዷን፣ የለመደችውን ምግብና የምትተኛበትን ጨርቅ ተቀበሉ። ፓርቮ የያዛት በቅርቡ ከሆነና ቤታችሁ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ካለ ግን እሱ እስኪጨርስ እዚያው ባለችበት ትቆይ።