ጀርባዬ ቡፌውን ሲነካ፦ ካነን 10-18 ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ

ሌንሱን የመግዛት ሐሳብ የመጣብኝ አንድ የመልስ ቀን ነው። ቤቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎኑ ጠባብ፣ እንግዳው ብዙ። እኔ ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዤ፣ በጣም በሚሰፋበት በ18 ላይ አድርጌው (ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ይሰፋል)፣ ወደ ኋላ እያፈገፈግኩ ነው። ጀርባዬ ቡፌውን ነካ። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። አሁንም ሙሽሮቹን ሳስገባ ሚዜዎቹ ይቀራሉ፣ ሚዜዎቹን ሳስገባ ዳቦ የሚቆርሱት አባት ይቀራሉ። መጨረሻ ላይ በረንዳ ወጥቼ በመስኮት አነሳኋቸው። ፎቶው ላይ የመስኮቱ ብረት አለ። ሙሽሮቹ ሊጠየቁ የመጡ እስረኞች መስለዋል።

ማታ ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ስንት ሚሊ ሜትር ላይ እንዳነሳኋቸው አየሁ። 18፣ 18፣ 18፣ አልፎ አልፎ 35፣ እንደገና 18። ሌንሱ «ከዚህ በላይ አልሰፋም» እያለኝ እኔ ቀኑን ሙሉ ስገፋው ነው የዋልኩት።

ካሜራዬ ካነን 700ዲ ነው። ክሮፕ ነው፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ከትልቁ፣ ፉል ፍሬም ከሚባለው፣ ያንሳል። ለእሱ የሚሆን ርካሽ ሰፊ ሌንስ ስፈልግ ሁሉም ወደ አንድ ነገር ጠቆመኝ፦ የካነን ኢኤፍ-ኤስ 10-18 ሌንስ፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ከ4.5 እስከ 5.6። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2014 ሲወጣ 300 ዶላር ገደማ ነበር። እኔ የገዛሁት መስከረም 2017 ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ፣ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከመቶ በላይ ከዘለለ በኋላ ማለት ነው። እዚህ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ደውዬ ዋጋ ጠየቅኩ። አመስግኜ ዘጋሁት። ከዋሽንግተን የምትመጣ የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ገዝታ፣ በሁለት ካልሲ ጠቅልላ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ከታ አመጣችልኝ። በብር ስንት እንደደረሰብኝ አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይለወጣል።

መጀመሪያ እጄ ላይ ሳስቀምጠው ባዶ መሰለኝ። 240 ግራም ነው። ሩብ ኪሎ ቡና እንኳን አይሞላም። ከካሜራው ጋር የሚገጥመው ቀለበት ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። «መጫወቻ ገዛሁ» ብዬ ትንሽ ከፋኝ። ይኼው አንድ ዓመት ከሁለት ወር፣ በታክሲም በሚኒባስም ተጋፍቶ፣ ምንም አልሆነም። ስለ ጥንካሬው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከ18 ወደ 10 መውረድ በወረቀት ላይ ስምንት ሚሊ ሜትር ነው። ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ በሜትር ስለካው ነው። ከግድግዳ 3 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። በ18 ከግድግዳው የሚታያችሁ 3.7 ሜትር ያህል ነው። በ10 ደግሞ 6.7 ሜትር። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያን የመልስ ቀን ይህን ብይዝ ኖሮ ቡፌውም ሰላም፣ እኔም ሰላም።

እናም የመጀመሪያውን ወር ያገኘሁትን ሁሉ በ10 አነሳሁ። እንጦጦ ወጥቼ ከተማውን አነሳሁ። ከተማው ክር ሆነ። ከላይ ሰማይ፣ ከታች አፈር፣ መሃል ላይ አዲስ አበባ የምትባል ቀጭን መስመር። መናገሻ ጫካ ሄድኩ። ጥዱ ሁሉ ተደባልቆ የት ማየት እንዳለብኝ ጠፋኝ። የሩቅ ነገር በዚህ ሌንስ ይሸሻል። ተራራ ኮረብታ ይሆናል፣ ኮረብታ እብጠት ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ነገር የድሮው ኪት ሌንስ፣ ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55፣ ይሻላል፤ ካሜራውን በቁሙ ይዛችሁ አምስት ስድስት ፎቶ ጎን ለጎን አንሱና በኮምፒውተር ስፏቸው። ነጻ ነው።

ሌንሱ የገባኝ ጎረቤት ቡና ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ከሰል ላይ ነው። እኔ ወለሉ ላይ በደረቴ ተኝቼ ወደ ሲኒዎቹ ተጠጋሁ። ይህ ሌንስ 22 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይቀርባል። የሚለካው ግን ካሜራው ውስጥ ካለው ሴንሰር ስለሆነ፣ ከሌንሱ አፍ ስትለኩት ግማሽ ስንዝር ነው የሚቀረው። አንዷ ሲኒ ፍሬሙን ሩብ ያህል ሞላች። የስኒው ጠርዝ፣ የቄጤማው ጫፍ፣ ረከቦቱ ላይ የፈሰሰች አንዲት ጠብታ ይታያል። ከኋላ ደግሞ እትዬ ጀበናውን አዘንብለው፣ ልጆቹ ፈንዲሻ እየተሻሙ፣ መስኮቱ፣ መጋረጃው፣ የግድግዳው ሰዓት፣ ሁሉም አለ። ቤቱ በሙሉ ከአንዲት ሲኒ ጀርባ ተሰብስቧል።

«ልጄ፣ ያን ነገር አርቀው፣ ሲኒዬን ልትሰብር ነው» አሉኝ እትዬ።

እንፋሎቱ ሌንሱን አደበዘዘውና ቀሚሳቸው ጫፍ ላይ ልጠርገው ስል በእጃቸው መቱኝ። ፎቶው ግን አሁን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰፊ ሌንስ «ብዙ ነገር ማስገቢያ» ይመስለኝ ነበር። ያን መልስ ላይ ይሠራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ነገር አስገብታችሁ ከፊት ምንም ከሌለ ፎቶው ባዶ ሜዳ ነው። ይህ ሌንስ መጠጋት ይፈልጋል። የሚያፍር ሰው አይግዛው ብል ይሻለኛል።

ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄ አለው። ኅዳር ላይ በነበረ አንድ ሠርግ የሙሽራውን ዘመዶች አሰልፌ በ10 አነሳኋቸው። ከሳምንት በኋላ ሙሽራው ደወለ። ስልኩን ግን ለአክስቱ ነው የሰጠው።

«ምነው ልጄ፣ ምን አድርጌህ ነው?» አሉ። «እህቴ መሃል ቆማ እንደ ሸንበቆ፣ እኔ ጫፍ ቆሜ እንደ በርሜል!»

ትክክል ናቸው። ሌንሱ ቀጥ ያለውን መስመር ቀጥ አድርጎ ለማሳየት ሲል ጠርዝ ላይ ያለውን ይለጥጣል። በ10 ዳር ላይ የቆመ ሰው ጭንቅላት ከቁመቱ ይልቅ በስፋቱ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ሊሄድ ይችላል። የሌንሱ ብልሽት አይደለም። የትኛውም ሰፊ ሌንስ፣ ውድም ይሁን ርካሽ፣ ይህን ያደርጋል። መፍትሔው ሰውን ከዳር ማራቅ ነው። ዳር ላይ መጋረጃ ይሁን፣ አበባ ይሁን፣ ግድግዳ ይሁን። ግድግዳ ወፈርኩ ብሎ አይደውልም። እኔ አሁን ቡድን ሳነሳ ከ15 በታች አልወርድም። ለአክስትየውም ሌላ ፎቶ አስተካክዬ፣ አሳትሜ፣ ራሴ ወስጄ ሰጠሁ። ቡና አፈሉልኝ። ታረቅን።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የቤት ፎቶ ነው። ጥር አካባቢ አንድ ደላላ የሚከራዩ ቤቶችን እንዳነሳለት ጠራኝ። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ነው። ጥግ ላይ ቆሜ በ10 ነካሁት። አልጋ ብቻ የሚበቃው ክፍል አዳራሽ ሆነ። ደላላው በደስታ «ወንድሜ፣ ይሄ ሌንስ ራሱ ኮሚሽን ይገባዋል» አለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ቤት ላነሳ ስሄድ ባልና ሚስት ያን ስቱዲዮ ሊያዩ መጥተው አገኘኋቸው። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ ስልኳን አየች፣ ክፍሉን አየች፣ እንደገና ስልኳን አየች።

«ሶፋችን እዚህ አይገባም» አለች ለባሏ፣ ቀስ ብላ።

ከሩቅ ሰፈር ነው የመጡት። ደላላው ወሬ ሲያስረዝም እኔ ትራይፖዴን ሰበሰብኩ። ከዚያ ወዲህ ቤት የማነሳው በ14 ነው። ከ3 ሜትር 4.8 ሜትር ያህል ያሳያል፤ ክፍሉን ለማሳየት ይበቃል። ፎቶው ውስጥም ሰው ልኩን የሚያውቀው ነገር፣ በር ወይም ወንበር፣ እንዲገባ አደርጋለሁ። ደላላው ቅር ብሎታል። ይበለው።

በነገራችን ላይ ቤትና ሕንፃ ስታነሱ ካሜራውን ወደ ላይ አታንጋጡት። በኪት ሌንስ የማይታወቅ ትንሽ ማንጋጠጥ እዚህ ሕንፃውን የሰከረ ያስመስለዋል፤ ወደ ኋላ ሊወድቅ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ፍርግርግ መስመር ክፈቱ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጉ፣ ከታች የተረፈውን መሬት በኋላ ቁረጡ።

ጨለማው ነው ደካማ ጎኑ። 4.5 ትንሽ ቀዳዳ ነች። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንሰው ማረጋጊያው ግን ጥሩ ነው፦ ያልተንቀሳቀሰ ነገር ከሆነ በእጄ ይዤ በሩብ ሰከንድ አንስቼ ጥርት ያለ ፎቶ አግኝቻለሁ። ለባዶ ክፍል፣ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ለሙዚየም በቂ ነው። ሠርግ ላይ ሰው እስክስታ ሲመታ ግን ማረጋጊያው እጃችሁን እንጂ ትከሻቸውን አያቆምም። አይ.ኤስ.ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ሳደርስ 700ዲ አሸዋ መርጨት ይጀምራል። ሥራችሁ የማታ አዳራሽ ከሆነ ቶኪና 11-16ን እዩ። አፐርቸሩ 2.8 ስለሆነ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ግን ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ማረጋጊያም የለውም። እኔ ተከራይቼ አንድ ሠርግ ሠርቼበታለሁ። ፎቶው አማረ፣ ማታ ግን የደከመውን የእጄን አንጓ አሞቅኩ።

ቪዲዮ ለምትሠሩ፦ ሞተሩ ድምፅ የለውም፣ ማረጋጊያውም ለእጅ ቪዲዮ ይጠቅማል። በእጅ ፎከስ ማድረግ ግን ያናድዳል። ቀለበቱ የሚሠራው ካሜራው ሲበራ ብቻ ነው፣ የርቀት ቁጥር የሚባል ነገርም የለውም። ሱሉልታ ሌሊት ኮከብ ላነሳ ሄጄ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ኮከብ አሥር እጥፍ አጉልቼ፣ በፀጉር ስፋት እያዞርኩ ነው ያስተካከልኩት።

በከንቱ ያወጣሁት ገንዘብ ደግሞ ፖላራይዘር፣ ሰማይን የሚያጠቁር ፊልተር፣ ነው። ሌንሱ ባለ 67 ሚሊ ሜትር ፊልተር ይገጥምለታል፣ ገጠምኩ፣ ሰማዩ ግማሹ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግማሹ ነጭ ሆነ። ፖላራይዘር በደንብ የሚሠራው ከፀሐይ በዘጠና ዲግሪ፣ በጎን በኩል ባለው ሰማይ ላይ ነው፤ ይህ ሌንስ ደግሞ ጎኑንም ሌላውንም አብሮ ያስገባል። መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ የሚፈልግ ካለ። ሌላው አቧራ ነው። አፐርቸሩን 16 አድርጋችሁ ፀሐይ ፊት ለፊት ካነሳችሁ ሌንሱ ፊት ላይ ያለችው እያንዳንዷ ብናኝ ነጠብጣብ ሆና ትወጣለች። 8 ላይ ቁሙ፣ ጨርቅ ያዙ።

እንግዲህ ልግዛ ወይስ ልተው ለሚሉ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ያለፈው ዓመት ፎቶዎቻችሁን ክፈቱና ስንቱ 18 ላይ እንደተነሳ ቁጠሩ። ጥቂት ከሆነ ሰፊ ሌንስ ሳይሆን ምናልባት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ብዙ ከሆነ ስልካችሁን አውጡ። 0.5 የምትለዋን ካሜራ አንድ ሳምንት ብቻ ተጠቀሙባት። ከአይፎን 11 ጀምሮ ያለችው ከዚህ ሌንስ ይልቅ ትሰፋለች። በሳምንቱ ከሰለቸቻችሁ ገንዘባችሁን አድናችኋል። ወደዚያው እየተሳባችሁ ከሆነና የስልኩ ጥራት ካላረካችሁ፣ ያኔ ግዙ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለአንድ ቀን ተከራዩት።

ፉል ፍሬም ለመግዛት የምታስቡ ግን ቆይ። ይህ ሌንስ እንደ ካነን 6ዲ ባሉት ፉል ፍሬሞች ላይ ጭራሽ አይገጥምም። በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) በአዲሱ ዓይነት ፉል ፍሬም፣ በካነን አር6፣ ላይ ይገጥማል፣ ግን ካሜራው ራሱ ጠርዙን ቆርጦ 20 ሚሊዮኑን ፒክስል ወደ 8 ሚሊዮን ገደማ ያወርደዋል። ካነን አር50 ወይም አር10 (አዲሶቹ ክሮፕ ካሜራዎች) ያላችሁ ደግሞ በ2023 የወጣ ለእናንተ የተሠራ 10-18 አለ፣ 150 ግራም ብቻ ነው። እኔ 700ዲዬ እስኪሞት ድረስ የትም አልሄድም።

የአክስቴ ልጅ ለጥር ሠርግ ትመጣለች። «ምን ላምጣልህ?» ብላ ጽፋልኛለች። ሁዱን፣ ሌንሱ አፍ ላይ የሚገጠመውን የፀሐይ መከላከያ፣ አልኳት። ከሌንሱ ጋር አይመጣም፣ ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ እስካሁን ፀሐይ የምከላከለው በመዳፌ ነው። ስለዚህ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ ላይ ከላይ በኩል አራት ጣት አለ።